ጓድ ሲቀመጡ የምትጮኸው መኪና

ታኅሣሥ 1 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ አርብ ረፋዱ ላይ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አካለ ወልድ፣ ቢቸና ውስጥ ከገበያው በላይ ባለችው ጋራዡ ደጃፍ ተቀምጦ፣ በአዲስ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ የአንዲት መኪና የሽቦ መስመር ይስል ነበር። ባትሪውን ሳለ፣ ፊውዞቹን ሳለ፣ ከዚያም ከቀኙ መቀመጫ ሥር የሚነሡትን ሁለት ሽቦዎች ጀመረ። አንደኛው መድረሻው ደርሷል። ሁለተኛው የገጹን እኩሌታ ሄዶ ቆሟል። ወደ ሞጣ የሚሄድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ እርሳሱን በደብተሩ መካከል አስገብቶ ተነሣ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖረ፤ መስመሩን ግን አልቀጠለውም።

ዕድሜው አርባ ሁለት ነበር፣ ወይም አርባ ሦስት። የተወለደበትን ዓመት የሚያሳይ ወረቀት የለም። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል «አንበጣ የወረደ ዓመት ነው» ይሉ ነበር፤ ግን አንበጣ በዚያ ቀበሌ ሁለት ዓመት በተከታታይ ወርዷል፤ የትኛው እንደሆነ ሲጠየቁ ይቆጡ ነበር።

ስለ እሱ የተጻፈ ነገር ጥቂት የሆነው በራሱ ጥፋት ነው። ልጅ ሳለ ዲማ ቅኔ ቤት ገብቶ አራት ዓመት ተምሯል። በዚያ ቤት ቅኔ በቃል ይቆጠራል፣ በቃል ይነገራል፣ አንዴ ከተነገረም አይደገምም። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ የቀረበ ተማሪ ጓደኞቹ ይስቁበታል። አካለ ወልድ ቅኔውን ትቶ፣ ደብረ ማርቆስ ወርዶ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲማርም ይህ ጠባይ አልለቀቀውም። አንድን ብልሽት ሁለት ጊዜ በአንድ መንገድ መጠገን ያሳፍረው ነበር። ቀዩ ሽቦ ካለቀበት በሰማያዊ ይቀጥላል፤ መንገድ ከረዘመበት በሌላ በኩል ያሳልፋል፤ ሠርቶ ሲጨርስ ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ይረሳዋል። የሚጽፈው ነገር አልነበረም። የከተማው ሰው «መሪጌታ ሽቦ» ብሎታል። በስሙ ይቆጣ እንደነበር ሚስቱ ጥሩአየሁ ስትጠየቅ፣ «የሚቆጣ ይመስል ነበር እንጂ ደስ ይለው ነበር» ብላለች።

የዚህ ታሪክ ነገር የጀመረው ከደብተሩ ቀን አሥራ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 15 ቀን ረቡዕ ጧት ነው። የክትባት ቡድኑ ሾፌር ቢሆነኝ አረንጓዴዋን መኪና ጋራዡ ደጅ አቁሞ፣ በሩን ሳይዘጋ፣ እየሮጠ ገባ። አረንጓዴዋ በ1965 ዓ.ም. የተሠራች ሰፊ አሜሪካ ሠራሽ ነበረች። ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው መንገድ ክትባትና በረዶ የምታመላልስ እሷ ብቻ ነበረች።

«መሪጌታ፣ አውጣኝ!»

«ምን ሆንክ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። እሷ ናት። ትጮኻለች።»

«ክላክሱ ነው?»

«ክላክስ ቢሆንማ ምን አስሮጠኝ? ከሆዷ ውስጥ ነው። ጢዝዝዝ ትላለች፣ ብርጭቆ ውስጥ እንደታፈነ ንብ። ቀይ መብራትም ይበራል።»

አካለ ወልድ ገብቶ ከመሪው ፊት ተቀመጠ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ። ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ አስጠጋ። ከሞተሩ ድምፅ በቀር ምንም የለም።

«የታለች የምትጮኸው?»

«አሁንማ አትጮኽም።»

«ታዲያ መቼ ነው?»

ቢሆነኝ ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ ሣህለ ማርያም ሲቀመጡ።»

አካለ ወልድ ሳቀ። ቢሆነኝ ግን አልሳቀም፤ እንዲያውም ፊቱ አመድ መሰለ። ስለዚህ አካለ ወልድ ሞተሩን አጥፍቶ ነገሩን ከመጀመሪያው እንዲነግረው ጠየቀው።

ጓድ ሣህለ ማርያም ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው የመጡ የአውራጃው የፖለቲካ ኃላፊ ነበሩ። ባለፈው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ገበሬዎችን ሰብስበው ተናግረው፣ ሲያበቁ ጋቢና ገቡ። መኪናዋ ልትንቀሳቀስ ስትል ጮኸች። «አቁም» አሉ። ቆመች፣ ዝም አለች። ወረዱ። እንደገና ገቡ። ሄደች፣ ጮኸች። ሦስተኛው ላይ ሕዝቡ ዙሪያውን ከቦ ነበር። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ምን በድለዋት ነው?» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። ጓድ ሣህለ ማርያም እስከ ቢቸና ድረስ፣ መኪናዋ ጆሯቸው ሥር እየጮኸች፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ መጡ።

«ቢቸና ስንደርስ እኔ ‹ቆርጬ ዝም አሰኛታለሁ› አልኳቸው» አለ ቢሆነኝ። «‹እንዳትነካት› አሉ። ‹ዝም አሰኝልኝ አላልኩህም። ማን እንዳስጮኻት፣ ለምን እንዳስጮኻት ንገረኝ። እስከ ቅዳሜ። አለዚያ አሻጥር ብዬ እጽፋለሁ› አሉ።»

አካለ ወልድ ከዚያ በኋላ መሳቅ አልቻለም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የትራክተር ነጂ በዚያች ቃል ተወስዷል፤ ሚስቱ እስካሁን ስንቅ ይዛ የት እንደምትሄድ አታውቅም።

«እሺ» አለ። «በል ና፣ ቀኙ ላይ ተቀመጥ።»

ቢሆነኝ ተቀመጠ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ዝም። ቦታ ተለዋወጡና አካለ ወልድ ተቀመጠ። ዝም። በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ቁልፉን ነቀለ፣ ሰካ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ለቀቀ። ዝም። ወይዘሮ ፈንታነሽ የምትባል፣ ሰፈሩ በግዝፈቷ የሚያውቃት ጠላ ሻጭ በዚያ ስታልፍ ጠራት።

«እትዬ ፈንታነሽ፣ እስቲ እዚህ ግቢና ተቀመጪልኝ።»

«ወዴት ልትወስዱኝ ነው?»

«የትም። መቀመጥ ብቻ።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። መቀመጫው ሥር ያለው ሞላ ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ሞተሩ ይሠራል። ዝም።

«እንዲህ ነው እንዴ ሥልጣን?» አለች ከመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። «ይለሰልሳል።»

ስትወርድ ቢሆነኝ አማተበ። «አየህ? ክብደትም አይደለም፣ በርም አይደለም። እሳቸውን ነው የምታውቃቸው።»

«መኪና ሰው አያውቅም።»

«እኔስ ምን ብዬ ልመን? አንተው ፈትነሃት አይደለም?»

አካለ ወልድ መፍቻውን አነሣ። ከሰዓት በኋላ ዳሽቦርዱን ፈትቶ ከሥሩ በጀርባው ተኛ። ክብሪት ቤት የምታክል ጥቁር ሣጥን አገኘ፤ ድምፁ የሚወጣው ከእሷ ለመሆኑ አልተጠራጠረም። ከእሷ የወጡትን ሽቦዎች ይዞ ለመሄድ ሞከረ። አንዱ ቀይ ሆኖ ይነሣል፣ መሪው ሥር ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል፣ ምንጣፉ ሥር ሲገባ ነጭ ይሆናል። ሌላው ዞሮ የነበረበት ይመለሳል። ወዲያ የሄደው ከየት እንደመጣ፣ ወዲህ የመጣው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

«ይህን የሠራ ሰው እጁ ይቆረጥ» አለ ተኝቶ እንዳለ። «ማን ነው?»

«ከአንተ በቀር ቢቸና ውስጥ የዚህችን መኪና ሽቦ የነካ አለ?»

አካለ ወልድ የያዘውን ሽቦ ለቀቀና፣ «መቼ?» አለ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? መኪናዋን የተረከብኩት በ71 ነው።»

ሐሙስም በዚሁ አለፈ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ አንዱን ሲያወጣ መብራት ይጠፋል፣ ሌላውን ሲያወጣ ዝናብ መጥረጊያው ይቆማል። ጥቁሯ ሣጥን ግን ሲነካትም ሳይነካትም ዝም ናት። የማይጮኽን ነገር ለምን እንደሚጮኽ መፈለግ እንዴት ያለ ሥራ ነው? በቅኔ ቤት እንኳ መምህሩ ጥያቄውን ነግረውህ ነው መልሱን የምትፈልገው። እዚህ ጥያቄውም የለም። ምሳ ጥሩአየሁ ብታመጣለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ መለሰላት፤ «ምነው?» ስትለው «ግራ ገባኝ» አላት። እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም።

ሐሙስ ማታ ቢሮ ሳይዘጋ አመተ ሥላሴ መጣች። አመተ ሥላሴ የክትባት ቡድኑ የንብረት መዝገብ ያዥ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ የተመደበች፣ የጎደለ ብሎን የማያስተኛት ሴት። መዝገቡን ደረቷ ላይ አድርጋ መኪናዋ ዘንድ ቆመች።

«ቅዳሜ ጉዳዩ ስለሚታይ የመኪናዋን ንብረት እንዳረጋግጥ ታዝዣለሁ» አለች። ማንበብ ጀመረች፤ «ትርፍ ጎማ፣ አንድ።»

«አለ» አለ ቢሆነኝ።

«ክሪክ፣ አንድ።»

«አለ።»

«የመቀመጫ ጠፍር ከነመቆለፊያው፣ ሁለት።»

ቢሆነኝና አካለ ወልድ ተያዩ።

«ጠፍር ምንድን ነው?» አለ ቢሆነኝ።

«የተቀመጠ ሰው የሚታሰርበት ሰፊ ጠፍር ነው። እዚህ ተጽፏል። በርክክቡ ላይ የአንተ ፊርማ አለ።»

«እኔ ስረከብ አልነበረም!»

«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

«ሁሉም ሰው እንደሚፈርመው ፈረምኩ።»

አመተ ሥላሴ መዝገቡን ዘጋች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የከፋት ትመስል ነበር። «ቢሆነኝ፣ እኔ የሌለ ነገር አለ ብዬ አልጽፍም። ሁለት ጠፍር ጎድሏል ብዬ እጽፋለሁ። የጎደለው ደግሞ በፈረመው ሰው ላይ ነው የሚጎድለው።»

እሷ ከሄደች በኋላ ቢሆነኝ የመኪናዋ ደፍ ላይ ተቀመጠ። «አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ መጣሁ፣ ሁለት ሆነብኝ» አለ። አካለ ወልድ ጠፍሩ ከጩኸቱ ጋር ይገናኛል ብሎ አላሰበም። ጠፍር ይጮኻል እንዴ? ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው፤ ሐሳቡ ሁሉ እሱ ላይ ነበር።

አርብ ኅዳር 17 መኪናዋ ክትባት ይዛ ሞጣ መድረስ ነበረባት። አካለ ወልድ ካቻቪቴውን፣ ፒንሳውንና ናስትሮውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከኋላ ተሳፈረ። ጋቢና የተቀመጠችው ሲስተር ንግስት ነበረች፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ቀጭንና ቀልደኛ ነርስ። እስከ ደብረ ወርቅ መኪናዋ እንደ በግ ሄደች። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ከኋላ የተጫነው የበረዶ ሣጥን እያንጠባጠበ የአካለ ወልድን ጫማ አርሶታል፤ መንገዱም እያንገላታው ክዳኑ ይከፈታል።

«ፊት እናድርገው» አለች ንግስት። «እኔ ከመሪጌታ ጋር ኋላ እሆናለሁ።»

ሣጥኑን ሁለት ሆነው ተሸክመው ጋቢና አስቀመጡት። ቢሆነኝ ማርሽ አስገባ።

ጢዝዝዝዝዝ።

ቢሆነኝ ፍሬን ረገጠና ማርሹን አወጣ። ዝም። ማርሹን አስገባ። ጢዝዝዝዝዝ። አወጣ። ዝም።

«እንዴ!» አለች ንግስት። «ጓድ ናቸው እንዴ ሣጥኑ ውስጥ ያሉት?»

አካለ ወልድ ከኋላ ዘሎ ወርዶ የጋቢናውን በር ከፈተ። «ደግመህ አስገባ። አውጣ። አስገባ።» ማርሽ ሲገባ። ከባድ ነገር ሲቀመጥ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ! እሱ ጋራዡ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ሞተሩን እያስነሣ አንድ ጊዜ እንኳ ማርሽ አላስገባም። ወይዘሮ ፈንታነሽ ስትቀመጥ ማርሽ ገብቶ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ እሪ ባለች ነበር።

«ክብደት ነው!» አለ። «ክብደት ብቻ ነው፣ ቢሆነኝ! ሰው አታውቅም!»

«እግዚአብሔር ይስጥህ። ታዲያ ለምንድን ነው? ክብደት ለምን ያስጮኻታል?»

ይህን አካለ ወልድ አላወቀም። ለዓመታት ሰውም ሣጥንም እዚህ ተጭኗል፣ አልጮኸችም። መኪናዋ የምትጠይቀው ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አይገባውም። ሞጣ እስኪደርሱ፣ ያ ድምፅ ጆሮውን እየበሳው፣ ግራ እንደተጋባ ሄደ።

ሞጣ ላይ መኪና የማይገባባቸው ቀበሌዎች ክትባቱን የሚያገኙት በበቅሎ ነው። የበቅሎዋ ነጂ አቶ ወልደ ኪዳን የሚባሉ ሽበታም ሰው ነበሩ። ዳማዋን በቅሎ ይዘው ጤና ክፍሉ ግቢ ውስጥ ጠበቋቸው። ሣጥኑን ከኮርቻው ላይ አስቀምጠው በሆዷ ሥር መቀነቻውን ሲስቡ ቀጭ የሚል የብረት ድምፅ ተሰማ።

አካለ ወልድ ዞር አለ። መቀነቻው ከቆዳ አልነበረም። ጥቁር፣ አራት ጣት የሚሰፋ፣ ጥብቅ ብሎ የተሸመነ ጠፍር ነበር። ጫፉ ላይ የሚያብለጨልጭ መቆለፊያ አለ። በደረቷም ላይ ሁለተኛው ይታያል።

«አባቴ፣ ይህን ከየት አመጡት?» አለ።

አቶ ወልደ ኪዳን ቀና ብለው አዩት። «ትቀልዳለህ? አንተ አይደለህም የሰጠኸኝ?»

ያኔ እጁ አስታወሰ። ከራሱ በፊት እጁ ነው ያስታወሰው፤ ቢላዋው በጠፍሩ ውስጥ ሲያልፍ የነበረው ጥንካሬ። በ1970፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ እኚሁ ሰው የተበጠሰ መቀነቻ ትከሻቸው ላይ ጥለው ቢቸና መጥተው ነበር። ጭነቱ ከበቅሎዋ ላይ ወድቆ አንድ ሣጥን ክትባት ገደል ገብቷል፤ ነገ ደግሞ መሄድ አለባቸው። አረንጓዴዋ ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ነበረች። አካለ ወልድ ሁለቱን ጠፍር አየና፣ «ሰው መኪና ውስጥ እንደ ጭነት ይታሰራል እንዴ? ይኸ ለበቅሎ ነው የተሠራው» ብሎ ቆርጦ ሰጣቸው። ከጠፍሮቹ ጋር አብረው የተቆረጡትን ሽቦዎች ሲያይ ሁለት ሁለቱን አገናኝቶ ናስትሮ ጠቀለለባቸው። ያልታሰረ ሰው ሲቀመጥባት እንድትጮኽ የተሠራችው መኪና የታሰረ ሰው ያለ መሰላት፤ ዝም አለች። እሱም በብልሃቱ ተደስቶ ረሳው።

የቀኙን መቀመጫ አንሥቶ ከሥሩ አየ። ከበረዶ ሣጥን አምስት ዓመት የፈሰሰ ውሃ ናስትሮውን አበስብሶ፣ ሁለቱ ሽቦዎች ተላቀው ግራና ቀኝ ተኝተዋል። በጣቶቹ አገናኛቸው። ንግስትን «ሣጥኑን ከበቅሎዋ አውርደን እንመልሰው» ብሎ፣ ሣጥኑ ተመልሶ፣ ማርሽ ገባ። ዝም። አላቀቃቸው። ጢዝዝዝ። አገናኛቸው። ዝም።

ቢሆነኝ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። «ተፈታ! ተፈታ እኮ ነው! አይጥ በላው እንላለን!»

«አይጥ አልበላውም።»

«ምን ቸገረህ? ሽቦ ተላቀቀ። አለቀ።»

«ሽቦው ከምን ላይ ነው የተላቀቀው ብለው ሲጠይቁህስ? ከጠፍሩ። ጠፍሩ የት አለ ሲሉህስ?»

ቢሆነኝ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ጠፍሩን በፊርማው የተረከበ እሱ ነው። ከሞጣ እስከ ቢቸና ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ነዳ። መኪናዋም ዝም ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ኅዳር 18 ቀን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጓድ ሣህለ ማርያም ቢሮ ገቡ። አመተ ሥላሴ መዝገቧን ይዛ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ቢሆነኝ ሊናገር አፉን ሲከፍት አካለ ወልድ ቀደመው።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«አንተ ምንድን ነህ?»

«ያስጮኻት ሰው። ጠፍሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ በ1970። ቢሆነኝ ያኔ እዚህ ቤት አልነበረም።»

ጓድ ሣህለ ማርያም ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«ለምን ቆረጥክ ታዲያ?»

«በቅሎዋ መቀነቻ አልነበራትም።»

«የአብዮቱን ንብረት ቆርጠህ ለበቅሎ?»

«በቅሎዋም የአብዮቱ ናት፣ ጓድ። የምትጭነው ክትባት ነው።»

አመተ ሥላሴ መዝገቧን አቀርቅራ አየች። ጓድ ሣህለ ማርያም አንድ ነገር ሊጽፉ ጀመሩና ተዉት። ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ያላስተኛቸውን ጥያቄ ጠየቁ።

«ሲስተር ንግስት ስትቀመጥ ዝም ትላለች። ሾፌሩ ዝም ትለዋለች። እኔ ስቀመጥ ትጮኻለች። ይህንን አስረዳኝ።»

አካለ ወልድ ቃል ፈለገ። አራት ዓመት ቅኔ የተማረ ሰው እንዲህ ቃል ሲቸግረው አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። «መቀመጫው ሥር የመዳብ ዝርግ አለ» አለ። «አርጅቶ ተጣሟል። ቀላል ሰው አይሰማውም። የሚሰማው ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ብቻ ነው።»

ጓድ ሣህለ ማርያም ቀና ብለው አዩት። ይህ ስድብ ይሁን ምስጋና እርግጠኛ አልነበሩም፤ አካለ ወልድም በዚያች ሰዓት እርግጠኛ አልነበረም። በመጨረሻ ተነሡና «አሳየኝ» አሉ።

ግቢው ውስጥ፣ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ በመስኮት እያየ፣ ጓድ ሣህለ ማርያም ጋቢና ተቀመጡ። ቢሆነኝ ሞተሩን አስነሥቶ ማርሽ አስገባ፤ አካለ ወልድ መሬት ላይ ተንበርክኮ ከእግራቸው ሥር ሽቦውን አላቀቀ። ጮኸች። አገናኘ። ዝም አለች። «ድገም» አሉ። ደገመ። «አሁን የበረዶውን ሣጥን አስቀምጡና ልየው» ብለው ወረዱ። ሣጥኑ ተቀምጦ መኪናዋ ስትጮኽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተፈታ። «ሣጥንም ላይ ትጮኻለች!» አሉ ወደ መስኮቶቹ እያዩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

በቢሆነኝ ላይ አሻጥር ተብሎ አልተጻፈም። አመተ ሥላሴ በመዝገቡ ላይ «ሁለት ጠፍር፣ በአካለ ወልድ እጅ በ1970 ተቆርጦ ለቡድኑ በቅሎ የዋለ» ብላ ጻፈች፤ አካለ ወልድ ፈረመ። የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ በመቁረጡ ግን አራት ሌሊት በቀበሌው ክፍል ታስሮ እንዲቆይ፣ ጠፍሮቹንም እስከ ኅዳር 30 በቦታቸው እንዲመልስ ተወሰነ። በዚያች ክፍል አሥራ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ቢሆነኝ በየቀኑ ስንቅ አመላለሰ፤ በሩ ላይ ቆሞ፣ «መሪጌታ፣ ዛሬ አንድም ነገር አልጮኸም» ይለው ነበር።

ረቡዕ ኅዳር 22 ሲፈታ አመተ ሥላሴ በር ላይ ቆማ ነበር። አዲስ ደብተር ሰጠችው።

«ከዛሬ ጀምሮ የነካኸውን ሁሉ ጻፍ።»

«የጻፍኩትን መልሼ ካየሁትማ አሮጌ ቅኔ ይሆንብኛል።»

«ሽቦ ነው እኮ፣ ቅኔ አይደለም። ብትጽፈው ኖሮ ቢሆነኝ አራት ቀን ባልተጨነቀ ነበር።»

አካለ ወልድ ደብተሩን በሁለት እጁ ተቀበለ። «ልክ ነሽ» አለ። ይህን ቃል ለማንም ሰው ሲናገር እንዳልሰማች ኋላ ጥሩአየሁ ተናግራለች።

አርብ ኅዳር 24 ሞጣ ሄዶ ጠፍሮቹን ከዳማዋ ፈታ። አቶ ወልደ ኪዳን ተቆጡ። «አንተ ትሰጣለህ፣ አንተ ትነሣለህ! እኔ በምን ልጭናት?» ለጊዜው የቃጫ ገመድ አሰረላቸው። እሳቸው ገመዱን በጣታቸው ዳሰሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይልጣታል። ይህ ቆዳዋን ይልጣታል፣ ልጄ።»

«በሳምንቱ ከቆዳ አሠርቼ አመጣለሁ።»

«ሰው ሁሉ በሳምንቱ ይላል።»

ጠፍሮቹ ኅዳር 27 በመኪናዋ ላይ ተመለሱ። ለበቅሎ መቀነቻ ቆዳውን ራሱ ከፋቂዎች መርጦ አመጣ፤ ሁለት ድርብ አድርጎ ራሱ ሰፋው። ሲሰፋ ጥሩአየሁ ግንባሩን ነክታ «ትኩሳት አለብህ» ብላዋለች። ይህ ረቡዕ ኅዳር 29 ይሁን ሐሙስ 30 አታስታውስም። ትኩሳቱ ከታሰረበት ክፍል የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ከሞጣ መንገድ ውሃ ነው የሚሉም አሉ። የተጻፈ ነገር የለም። ታኅሣሥ 12 ቀን ማክሰኞ ሲሞት ምን እንደገደለው ለጥሩአየሁ በእርግጥ የነገራት አልነበረም።

ታኅሣሥ 1 ቀን ግን፣ ልክ በሳምንቱ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ ሞጣ ደረሰ። አቶ ወልደ ኪዳን ግቢው ውስጥ በቅሎዋን ያጠጡ ነበር። አካለ ወልድ ገመዱን ፈትቶ አዲሱን መቀነቻ በሆዷ ሥር አሳለፈና ሳበው። ሁለት ጣት ያህል ሰፋ። በኪሱ በያዘው ወስፌ አንድ ቀዳዳ ጨመረና ደግሞ ሳበው። አሁን ልክ ሆነ። የደረቷንም አሰረ። አቶ ወልደ ኪዳን ሁለት ባዶ ሣጥን ጭነው በቅሎዋን እስከ አጥሩ ድረስ አስኬዷት፤ ከዚያ አዙረው መለሷት። ጭነቱ አልተንሸራተተም። አካለ ወልድ ገመዱን ጠቅልሎ ለሽማግሌው ሰጠና፣ የጭነት መኪናው ሳይሄድበት ለመድረስ ወደ መንገዱ ወጣ።